ቀጭኔ ክሬን ላይ ወጣች

የሕንፃ ግንባታ ላይ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ እናት አባት ያወጡት ስም ከግንባታው አጥር አያልፍም። እሷም በቀን ሠራተኝነት በገባች በማግስቱ ቁመቷን አይተው «ቀጭኔ» አሏት፤ በዚያው ጸና። ባሬላ የምትሸከመው ከአንዲት አጭርና ደንዳና ሴት ጋር ነበር። እሷን ደግሞ «ድምቡሼ» ይሏታል። ሁለቱ አንድ ባሬላ ሲይዙ ያየ ሁሉ ይስቅ ነበር። ቀጭኔ ከፊት ስትይዝ ባሬላው ወደ ኋላ ያጋድልና የተቦካው ሲሚንቶ፣ ቤቶኒው፣ ተንሸራትቶ ድምቡሼ ሆድ ላይ ይደፋል። ቦታ ሲለዋወጡ ደግሞ የድምቡሼ ጀርባ በሲሚንቶ ይለሰናል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ወይ እጠሪ ወይ ሌላ ሰው ፈልጊ» ትላታለች ድምቡሼ።

ማጠር ስላልቻለች ቀጭኔ ጉልበቷን አጥፋ መራመድ ለመደች። ቤቷ ስትገባ ወገቧ የራሷ አይመስላትም ነበር።

ቤት ውስጥ ባል አለ፣ ገና ድክ ድክ የምትል ልጅ አለች፣ አማት አሉ። ባሏ ሚኒባስ ይነዳል። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሰው አፍ ግን ይፈራል። አማቷ እድሜያቸውን በልብስ ስፌት የጨረሱ፣ ዓይናቸው ሲደክም የስፌት መኪናቸውን ሸፍነው ያስቀመጡ፣ ንግግራቸው አጭር የሆነ ሴት ናቸው። እሷ ወደ ሥራ ስትወጣ ልጅቷን የሚይዙት እሳቸው ነበሩ።

ቀጭኔ ትምህርቷን ያቋረጠችው ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። እናቷ አልጋ ላይ ሲውሉ አንድ ሰው ቤት መቅረት ነበረበት፤ ወንድሟ ቀጠለ፣ እሷ ቀረች። ሂሳብ ትወድ ነበር። ከክፍል ስትወጣ ማንም አላባረራትም፣ ማንም «ተይ» አላላትም። ሲቆጫት የኖረው ሌላ ነገር ነው፤ «አትተይ» የሚላት አንድ ሰው መጥፋቱ።

በግንባታው መሀል ቢጫ ክሬን ቆሟል። ኦፕሬተሩ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቁጡም ደግም የሆኑ ሰው ናቸው። ጠዋት በመሰላሉ ከወጡ ለምሳ ነው የሚወርዱት። ቀኑን ሙሉ ሰማይ ላይ ስለሚውሉ ሠራተኛው «ጋሽ ደመናው» ይላቸዋል። ከዚያ ከፍታ ሆነው የሚያነሱትና የሚያሳርፉት ዕቃ ብዙውን ጊዜ ከግድግዳ ጀርባ ስለሚሆን አይታያቸውም። ከታች ሬዲዮ ይዞ «ወደ ቀኝ፣ ዝቅ፣ ቁም» የሚላቸው ምልክት ሰጪ የግድ ያስፈልጋቸዋል። የክሬን ዓይኑ ምድር ላይ ነው ይሉ ነበር።

አንድ ጠዋት ምልክት ሰጪው ሬዲዮውን ለጓደኛው ሰጥቶ ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ጓደኛውም በአንድ እጁ ስልኩን እየነካካ፣ ቀና ብሎ ሳያይ «ዝቅ፣ ዝቅ» ይላል። የተንጠለጠለው የፌሮ ብረት እስር አጎንብሰው በሚሠሩ ሰዎች አናት ላይ እየወረደ ነበር። ቀጭኔ ባሬላውን ለቃ ሮጠች። ጋሽ ደመናው ሊያዩዋት የሚችሉበት ገላጣ ቦታ ላይ ቆማ እጆቿን ግራና ቀኝ ዘርግታ የ«ቁም» ምልክት ሰጠች። ምልክቱን ያስተማራት የለም፤ ባሬላዋ እስኪሞላ ስትጠብቅ ዘወትር ሲሰጥ አይታ ነው። ፌሮው አየር ላይ ቀጥ አለ። ከሥር የነበሩት ሰዎች ቀና ብለው ሲያዩ ደንግጠው ተበታተኑ።

ጋሽ ደመናው ለምሳ ሲወርዱ ማን እንዳስቆማቸው ጠየቁ። ጠቆሟቸው። ከእግር እስከ ራሷ አዩዋትና ሠራተኛውን ወደሚመራው ፎርማን ሄዱ። ከነገ ጀምሮ ሬዲዮውን የምትይዘው እሷ እንድትሆን እንደሚፈልጉ ነገሩት። ፎርማኑ ሳቀ። ሴት ልጅ ሬዲዮ ይዛ ወንዶቹን ስታዝ ማን ይሰማታል ብሎ ጠየቃቸው።

«እኔ ነኛ የምሰማት» አሉ ጋሽ ደመናው። «እዚያ ላይ የሚደርሰኝ ድምፅ ነው፣ ቀሚስ አይደለም።»

በዚህ ዓይነት ቀጭኔ ከባሬላ ወደ ሬዲዮ ተዛወረች። ድምቡሼ በቁመት ልኳ የሆነች ሌላ ተሸካሚ ብታገኝም ሳቅ ጠፋባት፤ ምሳ ሰዓት ላይ ግን አንድ ላይ ይቀመጡ ነበር። ቀጭኔ ደግሞ ሬዲዮ መያዝ ብቻ አልበቃትም። ሥራ ቀዝቀዝ ባለ ቁጥር በሬዲዮ ጥያቄ ታዘንባለች። ክንዱ ሲረዝም ጭነቱ ለምን መቀነስ አለበት? ነፋሱን በምን ያውቁታል? ጋሽ ደመናው መጀመሪያ ያጉረመርሙ ነበር፤ እያደር ጥያቄዋ ሲዘገይ «ዛሬ ምን ነካሽ?» ማለት ጀመሩ።

ድርጅቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አዲስ ክሬን ሊያስመጣ መሆኑ ተሰማ። ኦፕሬተሩ በሚቀመጥበት ካቢን ውስጥ የጭነቱን ክብደትና የነፋሱን ኃይል የሚያሳይ ስክሪን ያለው፣ በኮምፒውተር የሚታገዝ ነው ተባለ። ጋሽ ደመናው አንድ ቀን ምሳቸውን በልተው ሲጨርሱ እሳቸው ለጡረታ ጥቂት ዓመት እንደቀራቸው፣ ማሠልጠኛ ገብታ ብትማር ግን ያንን ክሬን መንዳት እንደምትችል ነገሯት። ቀጭኔ እንደ ቀልድ ወሰደችው። ማሠልጠኛው አሥረኛ ክፍል ያላጠናቀቀ አይቀበልም፤ እሷ ስምንተኛ ላይ ቀርታለች።

«ታዲያ የማታ ትምህርት ቤቱ ተቃጥሏል እንዴ?» አሏት።

ይህች ነገር ሆዷ ገብታ ቀረች። ሥራ ስትሠራም፣ ልጅቷን ስታጥብም ከአእምሮዋ አልወጣ አለች። በመጨረሻ ቆርጣ ተነሳችና ለባሏ ነገረችው። ባሏ ሰማት። ከዚያ ልጅቷ ገና ትንሽ እንደሆነች፣ ቀን ሥራ ማታ ትምህርት ሲባል ቤቱ ባዶ እንደሚቀር ተናገረ። እየቆየ እውነተኛው ነገር ወጣ፤ ሚኒባስ ተራ ላይ ጓደኞቹ «ሚስትህ ሰማይ ላይ ልትወጣ ነው አሉ» እያሉ መሳለቂያ እንደሚያደርጉት አስቀድሞ ይታየው ነበር። አማቷ ጥግ ላይ ቁጭ ብለው ልጅቷን ያስተኛሉ። ልጃቸው ተናግሮ እስኪጨርስ ጠበቁ።

«አንተ መንጃ ፈቃድ ስታወጣ ይህ ቤት ባዶ አልቀረም?» አሉት። «እኔ መርፌ ይዤ ዓይኔን የጨረስኩት አንተ መሪ እንድትይዝ ነው። እሷም መሪ ልትይዝ ነው፤ ልዩነቱ የእሷ ከፍ ማለቱ ነው። ልጅቷን እኔ እይዛታለሁ፣ ራትህን ግን አንተ ሥራ።»

ባል ማዕድ ቤት ገባ። መጀመሪያ ሰሞን የሠራው ራት ለጠላት የሚሰጥ አልነበረም፤ ጨው ወይ ይረሳል ወይ ይደግማል። ማንም ግን ቅር አላለውም፤ እየተሳቀ ይበላ ነበር።

የማታ ትምህርቱ እንዳሰበችው ቀላል አልሆነም። የሚማሩት አብዛኞቹ ከእሷ በዕድሜ ያንሳሉ፤ አንዳንዴ ሲሚንቶው ጥፍሯ ውስጥ እንዳለ ትገባና እጇን ከጠረጴዛው ሥር ትደብቃለች። እንግሊዝኛ አስጨነቃት። ፊዚክስ ውስጥ ግን የምታውቀውን ነገር አገኘች። መምህሩ ስለ ክብደትና ስለ ርቀት ሲያስረዳ ክሬኑ ከነክንዱ ፊቷ ድቅን ይልባታል፤ ጋሽ ደመናው በሬዲዮ ያሏት ነገር ሁሉ ቁጥር ሆኖ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። አንድ ዓመት ወደቀች፣ ደገመች። ስትወድቅ ባሏ «በቃ ሞከርሽ» ሊላት አፉን ከፈተና እናቱን አይቶ ዘጋው። በሁለተኛው አለፈች፤ አሥረኛንም ጨረሰች።

ማሠልጠኛው ውስጥ ከሠልጣኞቹ ሁሉ ሴት እሷ ብቻ ነበረች። መጀመሪያ የተማሩት ኮምፒውተር ላይ ነው፤ እንደ ካቢን በተሠራ ወንበር ተቀምጠው ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ክሬን ያንቀሳቅሳሉ። ጓደኞቿ ይህን እንደ ጨዋታ ሲያዩት እሷ ግን ባገኘችው ትርፍ ሰዓት ሁሉ እዚያ ወንበር ላይ ትገኛለች። እጇ ለመደ። ፈተናው የመጣው እውነተኛው መሰላል ላይ ነው። ግማሽ ላይ ስትደርስ ወደ ታች አየችና እግሯ ተሳሰረ። ብረቱን እንደ ልጅ አቅፋ ቀረች። እዚህም ቁመቷን አይተው ያንኑ ስም አውጥተውላት ነበርና ከታች አንዱ «ቀጭኔዋ ዛፍ ላይ ቀረች» ብሎ አሳቃቸው። አሠልጣኙ መውረድ እንደምትችል፣ ሌላ ቀን እንደምትሞክር ነገራት። ቀጭኔ ግን ዛሬ ከወረደች ነገ እንደማትመለስ ልቧ ያውቅ ነበር። ዓይኗን ከፊቷ ያለው ብረት ላይ ተክላ፣ ሌላውን ዓለም ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ፣ አንድ እጅ አንድ እግር እያለች ወጣች። ላይ ስትደርስ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና እጇን መሪው ላይ አሳረፈች። ከዚያ ወዲያ ከፍታን መፍራቷን አልተወችም፤ ከነፍርሃቷ መውጣትን ግን ለመደች።

የምስክር ወረቀቷን ይዛ ወደ ድሮው ድርጅቷ ተመለሰች። አዲሱ ክሬን ተተክሏል። ጋሽ ደመናው አጠገቧ ሆነው ካለማመዷት በኋላ ወርደው የጠዋቱን ተራ ለእሷ ለቀቁላት። ችግሩ ከሥር ጀመረ። ዕቃ የሚያስሩት ወንዶች የእሷ ተራ ሲሆን እግራቸውን ይጎትታሉ፤ አለቃቸው ማሰሪያው ሳይጠብቅ «ዝግጁ» ይላል። እሷም ሬዲዮውን አንስታ፣ ማሰሪያው እንደገና ጠብቆ ካላየችው እንደማታነሳ በጨዋ ቃል ትነግረውና እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። ሥራው ሲቆም የሚጠየቀው እሱ ስለሆነ እየተነጫነጨም ቢሆን ያጠብቃል።

እንዲህ እየተባለ ሥራው መስመር ሊይዝ ሲል እሷው አጠፋች። ቤቶኒ የሚፈስበትን የካሳፎርማ ሳንቃ አንስታ ስታዞር ከሚገባው በላይ ፈጠነችና ለማቆም ዘገየች። ጭነቱ ተወዛውዞ ሄዶ ከፍ ብሎ የተቀመጠውን የውሃ ታንከር መታው። ታንከሩ ተሰነጠቀ፤ ውሃው በሙሉ ከሥር ቆሞ በነበረው ፎርማን ላይ ወረደ። ሰው አልተጎዳም። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲበርድ ግን ሌላ ወሬ ተተካ፤ «አላልንም ነበር?» የማይል ጠፋ።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠራት። ፎርማኑ ልብሱ ገና ሳይደርቅ እዚያው ቆሟል፤ ጋሽ ደመናውም ተጠርተው መጥተዋል። ሥራ አስኪያጁ ጮኾ የሚቆጣ ሰው አልነበረም። ለራሷ ሲል ወደ ሬዲዮው ቢመልሳት እንደሚሻል፣ እዚያ ጎበዝ እንደነበረች፣ ካቢኑ ምናልባት ለሴት ከባድ ሊሆን እንደሚችል በለዘበ አንደበት ነገራት። ያ ልዝብ ንግግር ከስድብ ይልቅ አንገበገባት። ለማመስገን የመጣች ይመስል አንገቷን ደፍታ ልትወጣ ትንሽ ነበር የቀራት። በሩ ጋ ደርሳ ዞረች።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለች። «ፈጥኛለሁ፣ ዘግይቼ አቁሜያለሁ። የጥፋቴን ልቀበል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይህን ያደረገው ወንድ ቢሆን ምን ያደርጉት ነበር?»

መልሱን ሳትጠብቅ ቀጠለች።

«ያንኑ ያድርጉኝ። ሴት ናት ብለው አይማሩኝ፣ ሴት ናት ብለውም አይቅጡኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ጋሽ ደመናው ተመለከተ። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ እሳቸው በጀማሪነታቸው የጎረቤት ግንብ መናዳቸውን፣ አለቃቸው ተቆጥቶ፣ ዳግመኛ ፈትኖ ወደ ካቢናቸው እንደመለሳቸው ተናገሩ። «የሰደበኝ ብዙ ነው፤ ወንድነቴን ያነሳ ግን አልነበረም» አሉ።

እንደገና እንድትፈተን ተወሰነ። በተቀጠረው ቀን ግማሹ ሠራተኛ ሥራውን ትቶ ለማየት ቆመ። ፈተናው አፉ ክፍት የሆነ፣ ውሃ የተሞላ በርሜል አንስታ፣ ግንቡን አሻግራ፣ መሬት ላይ በኖራ የተከበበ ቦታ ውስጥ ውሃው ሳይፈስ እንድታሳርፍ ነው። በመጀመሪያው ሙከራ በርሜሉ ክቡ ውስጥ ቢያርፍም ሲነካ ዘንበል ብሎ ውሃው ፈሰሰ። ፎርማኑ ራሱን ነቀነቀ። ሥራ አስኪያጁ በርሜሉ እንደገና ተሞልቶ እንድትደግም በሬዲዮ ነገራት። በዚህ ጊዜ ሬዲዮውን ተቀብሎ ምልክት የሚሰጠው የአሳሪዎቹ አለቃ ነበር፤ ያ ማሰሪያ ሳያጠብቅ «ዝግጁ» ይል የነበረው ሰው። ቀጭኔ ድምፁን ስትሰማ ልቧ ከዳት። ሰውዬው ግን፣ እንኳን እሷ ራሱም ባልጠበቀው ሁኔታ፣ «ቀስ በይ፣ ነፋሱ እስኪያልፍ ጠብቂ፤ አሁን ዝቅ» እያለ ቁም ነገሩን ሠራ። በርሜሉ ክቡ መሀል እንደ ላባ አረፈ። የውሃው ፊት እንኳ ብዙም አልተናወጠም። የሚያጨበጭብ ነበር፤ ድምቡሼ ግን አላጨበጨበችም፣ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ቁጭ አለች።

ኋላ ቀጭኔ ሰውዬውን ለምን እንደረዳት ጠይቃው ነበር። ትከሻውን ነቀነቀና፣ ባይረዳትና ብትወድቅ ኖሮ፣ የወደቀችው በእሱ ምክንያት መሆኑን ራሱ ያውቀው እንደነበር ነገራት። ከዚያ በኋላ ጓደኛሞች ሆኑ ማለት አይቻልም፤ ማሰሪያ ግን አላላላም።

ጋሽ ደመናው ጡረታ ሲወጡ የማንሳት ሥራው ኃላፊነት ለቀጭኔ ተሰጠ። ኃላፊ በሆነች ሰሞን ያየችው ነገር እንቅልፍ ነሳት። ግቢው ውስጥ ከምታውቃቸው ሴቶች አንዷም ከባሬላ አልተላቀቀችም፤ ወገባቸው እየጎበጠ ነው። እንደ እሷ «አትተይ» የሚል ሰው እስኪመጣ መጠበቅ አለባቸው? ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄዳ በምሳ እረፍት ባዶውን ኮንቴይነር እንዲፈቅድላትና ፈቃደኛ የሆኑትን ሴቶች ምልክት መስጠት እንድታስተምር ጠየቀች። ፎርማኑ እንደ ልማዱ ተቃወመ። ሴቶቹ ሁሉ ሬዲዮ ከያዙ ባሬላውን ማን ሊሸከመው ነው አለ።

«ክሬኑ» አለችው።

ለጊዜው የቀለደች መስሎት ነበር። እሷ ግን የምሯን ነው፤ ቤቶኒውን በክሬኑ ባልዲ በቀጥታ ወደ ፎቁ ቢያደርሱት በባሬላ የሚመላለሰው ሰው አብዛኛው እንደማያስፈልግ ሠርታ አሳየችው። ሰው የተሠራው ቤቶኒ ሊሸከም አይደለም፣ ክሬኑ ነው ለዚያ የተሠራው አለችው። ፎርማኑ ሥራው እንደሚፈጥንለት ሲገባው ተቃውሞው ላላ።

ኮንቴይነሩ ውስጥ መጀመሪያ የመጡት ጥቂት ነበሩ። ቀጭኔ የክሬኑን እንቅስቃሴ በስልኳ ቀርጻ ታሳያቸዋለች፤ ስልክ ያላት ሁሉ ቪዲዮውን ወስዳ ቤቷ ትለማመዳለች። ድምቡሼ ማንበብ አትችልም ነበርና አፍራ በር ላይ ቆመች። ቀጭኔ እጇን ይዛ አስገባቻት፣ የሬዲዮውን ቁልፎች እያሳየች ፊደሎቹን አብራ አስቆጠረቻት። ድምቡሼ ከፍታ ስለምትፈራ ክሬን የመውጣት ሐሳብ የላትም። ድምፅ ግን ነበራት፤ ጥርት ያለ፣ የማይደናገጥ ድምፅ። ሬዲዮ በያዘች ቀን ወንዶቹን ስትቆጣ የሰማ ሁሉ ጸጥ ብሎ ታዘዘ፤ ግማሾቹን በባሬላ ዘመን እያሳቀች ስላገለገለቻቸው ስማቸውንም ጠባያቸውንም ታውቃለች።

የቀጭኔ ባል አሁንም ሚኒባስ ይነዳል። የፈራው አልቀረም፣ ተራ ላይ ቀልደውበታል። አንድ ጊዜ ጓደኞቹን ጭኖ በግንባታው አጠገብ ሲያልፍ መኪናውን አቁሞ ወደ ላይ ጠቆማቸው አሉ። ምን እንዳላቸው ለቀጭኔ አልነገራትም፤ የነገራት አጥሩ ሥር ቆማ የሰማችው ድምቡሼ ናት፣ እሷም ሁሉንም አልተናገረችም።

በቅርቡ ኮንቴይነሩ ውስጥ ከተማሩት ሴቶች መካከል አሥረኛን የጨረሱ ሁለት ወጣቶች ማሠልጠኛ ገቡ። ከሁለቱ አንዷ ለተግባር ልምምድ ወደዚያው ግቢ ተመድባ መጣች። በመጀመሪያው ጠዋት መሰላሉን ጀምራ ግማሽ ሳትደርስ ቆመች። ሠራተኛው ቀና ብሎ ማየት ሲጀምር ቀጭኔ ሬዲዮውን አንስታ ሁሉም ወደ ሥራው እንዲመለስ አዘዘች። ከዚያ ራሷ ከሥር ተከትላ ወጣችና ሠልጣኟ ልጅ እግር ሥር ደረሰች። ልጅቷ መውረድ እንደምትፈልግ ነገረቻት።

«እኔም እፈራለሁ» አለቻት ቀጭኔ። «እስካሁን። ከፊትሽ ያለውን ብረት ብቻ እይ። ከሥርሽ እኔ አለሁ።»

ልጅቷ ረጅም ትንፋሽ ወሰደች። ቀኝ እጇን ቀጣዩ ብረት ላይ አሳረፈች፣ እግሯን አስከተለች። ቀጭኔ ሳትቸኩል ተከተለቻት። ላይ ሲደርሱ የካቢኑን በር ከፈተችላት፤ ወንበሩ ላይ ልጅቷን አስቀመጠችና እሷ ከኋላ ቆመች። ከታች የድምቡሼ ድምፅ መጣ፤ ባልዲው መሞላቱን፣ ፎቁ ላይ ያሉት መጠበቅ እንደሰለቻቸው፣ ዝግጁ ከሆኑ እንዲያነሱ ጠየቀች። ልጅቷ ዞራ ቀጭኔን አየቻት። ቀጭኔ ስክሪኑን ጠቆመቻት፤ ክብደቱን አነበበች፣ ነፋሱን አነበበች፣ መሪውን ያዘች።

«አንሺ» አለቻት ቀጭኔ።